የእንጀራ ምጣድና የማገዶ ቁጠባ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሲነገር የኖረው ስለ ሹም ሽር እንጂ ስለ ምድጃ አይደለም። ቃሉን እንደ ቃሉ ወስዶ ለመረመረው መሐንዲስም ቢሆን አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ጉልቻውን መለወጥ ወጡን አያጣፍጠውም። የሚለወጠው ወጡን ለማብሰል የሚነደው የእንጨት መጠን፣ እንጨቱን ተሸክማ የምትመጣው ሴት የምትጓዘው መንገድ፣ በማድ ቤቱ ውስጥ የሚታፈነውም ጢስ ነው። ይህም ከወጡ ጣዕም የማያንስ ጉዳይ ነው።

በዚህ አዳራሽ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች የግድብ፣ የመንገድ፣ የሕንፃና የፋብሪካ ሥራ የለመዱ ናቸው። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ውስጥ በሥራ ላይ ከሚውለው ኃይል ሁሉ የሚበልጠው በተርባይን ውስጥ የሚያልፈው ውሃም ሆነ በሞተር ውስጥ የሚቃጠለው ነዳጅ አይደለም። እንጨት፣ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ ኩበትና ከሰል ናቸው፤ ድርሻቸውም ከጠቅላላው ወደ ዘጠና ከመቶ የሚጠጋ ሆኖ ቆይቷል። ቤተ ሰብ ከሚያነደው ውስጥ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለአንድ ሥራ ብቻ፣ ማለትም እንጀራ ለመጋገር እንደሚውል በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች ሲያመለክቱ ኖረዋል። እንግዲህ ስለ ማገዶ ቁጠባ የሚነገረው ሁሉ ስለ ድስት ብቻ ከሆነ የነገሩን እኩሌታ ትቶ ስለ ቀሪው እኩሌታ መናገር ይሆናል። በውጭ አገር ስለ ምድጃ የተጻፉት መጻሕፍት በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ጸሐፊዎቻቸው ምጣድ የማያውቁ በመሆናቸው ሊወቀሱ አይገባም።

የማገዶ ጉዳይ የዚህችን ከተማ ዕጣ ፈንታ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ብዙ ዓመት ሳይፈጅ ተመነጠረ። ከዚያ አስቀድሞ የነበረው ልማድ ደን ሲያልቅ ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ሌላ ደን መሄድ ነበርና ዳግማዊ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካጸኗት ምክንያቶች አንዱ በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ማደጉ፣ ከጉቶው መልሶ ማቈጥቆጡ፣ ከብት የማይበላው መሆኑ ለማገዶነት ተስማሚ አደረገው። ባሕር ዛፍ ስለ ውሃና ስለ መሬት ለምነት የሚነሣበት ክስ ሌላ ጉባኤ የሚያሻው ነው። ለዚህ ንግግር የሚፈለገው ነጥብ፣ በዚያን ጊዜ የተገኘው መፍትሔ ማገዶውን የሚያበዛ እንጂ ምድጃውን የሚያሻሽል አልነበረም የሚለው ነው። ሦስቱ ጉልቻ ከነበሩበት አልተነቃነቁም።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። እንጨት ሲነድ የሚቃጠለው በአብዛኛው እንጨቱ ራሱ አይደለም። ሙቀት ያገኘው እንጨት ከክብደቱ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን በጋዝና በትነት መልክ ይለቃል፤ ነበልባል የሚባለው የዚህ ጋዝ ቃጠሎ ነው። የቀረው ፍም ሆኖ በዝግታ ይነዳል። ጋዙ በቂ አየርና በቂ ሙቀት ካላገኘ ሳይቃጠል ያመልጣል። በማድ ቤት ዓይን የሚያቃጥለው ጢስና በጣሪያው ላይ የሚጋገረው ጥቀርሻ ይኸው ያመለጠ ነዳጅ ነው።

ስለሆነም አንድ ምድጃ ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው እንጨቱን አጥርቶ ማቃጠል ነው። ሁለተኛው የተገኘውን ሙቀት ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ ማድረስ ነው። ብዙ ሰው ሦስቱ ጉልቻ የሚያባክኑት በአንደኛው ሥራ ይመስለዋል፤ ጢሱ ስለሚታይ እንዲህ ማሰቡ አያስገርምም። ፍተሻው የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በደረቅ እንጨት በሚገባ የተያያዘ ክፍት እሳት እንኳ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ኃይል ከዘጠና ከመቶ ያላነሰውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። የሚያመልጠው ጢስ ለጤና አደገኛ ቢሆንም በኃይል ሚዛን ሲለካ ጥቂት ነው። ትልቁ ብክነት በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። ሙቀቱ ተፈጥሮ ሳለ ወደ ምጣዱ አይደርስም፤ በጉልቻዎቹ መካከል በነፋስ ይወሰዳል፣ በጨረር ወደ ግድግዳውና ወደ ጋጋሪዋ እግር ይሄዳል፣ በምጣዱ ከንፈር ሥር ሽቅብ ይወጣል።

ብክነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት አንድ ቀላል ስሌት ማድረግ ይቻላል። ለአንድ እንጀራ የሚፈሰው ሊጥ ግማሽ ኪሎ ግራም፣ ሲጋገር በእንፋሎት የሚወጣው ውሃ 100 ግራም ነው እንበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሊጡን ከ20 ዲግሪ ወደዚያ ለማድረስ 125 ኪሎ ጁል ያህል፣ ውሃውን ለማትነን ደግሞ 225 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ በድምሩ 350 ኪሎ ጁል ይሆናል። ሠላሳ እንጀራ ለሚጋገርበት ቀን 10.5 ሜጋ ጁል ማለት ነው። በአየር የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 15 ሜጋ ጁል ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሊጡ ቢገባ ኖሮ ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር 700 ግራም እንጨት፣ ይኸውም በአንድ እጅ የሚያዝ ሁለት ሦስት ፍልጥ በበቃ ነበር።

በሁለት ሦስት ፍልጥ ሠላሳ እንጀራ የጋገረች ሴት እንደሌለች ግን ይታወቃል። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ውጤታማነት ከመቶ አሥር እጅ እንደማያልፍ ሲነገር ኖሯል፤ ከዚያም በታች የወረደባቸው ፍተሻዎች አሉ። ስለዚህ በስሌቱ 700 ግራም የሆነው በተግባር 7 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይሆናል። ከእንጦጦ ቁልቁል በወገባቸው ጎንበስ ብለው የሚወርዱት ሴቶች ከተሸከሙት ሸክም ከአሥር ዘጠኙ እጅ የሚውለው ማንንም ለማያጠግብ ነገር ነው።

በዚሁ ላይ የእርጥብ እንጨት ነገር አለ። ከክብደቱ ግማሹ ውሃ የሆነ እርጥብ ባሕር ዛፍ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት 8 ሜጋ ጁል ያህል ብቻ ነው። ሠላሳ ኪሎ እርጥብ እንጨት የተሸከመች ሴት አሥራ አምስት ኪሎ ውሃ ተሸክማለች። ውሃው እስኪተን የሚበላው ሙቀት ራሱ ያን ያህል ብዙ አይደለም፤ ከደረቁ ክፍል ጠቅላላ ኃይል አሥራ ሦስት ከመቶ ገደማ ነው። የሚብሰው ጉዳት፣ ትነቱ ነበልባሉን አቀዝቅዞ ጋዙ ሳይቃጠል እንዲያመልጥ ማድረጉ ነው። እንጨቱን ፈልጦ ከዝናብ በተከለለ ቦታ ጥቂት ወራት ማቆየት ማንኛውም መሐንዲስ ካወጣው ንድፍ ጋር የሚወዳደር ቁጠባ ያስገኛል። ዛሬ ገዝቶ ዛሬ ማታ ለሚያነድ ድሃ ግን ይህ ምክር ብዙም አይረባውም።

ብክነቱ ከታወቀ በኋላ የመጀመሪያው ሐሳብ እሳቱን በወፍራም ግድግዳ መክበብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ጓቴማላ በመሬት መንቀጥቀጥ ከተመታች በኋላ በዚያች አገር «ሎሬና» የተባለ ምድጃ ተሠራ። ስሙ ጭቃና አሸዋ ከሚሉት ሁለት የእስፓኝ ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን ምድጃውም ከሁለቱ ድብልቅ የተገነባ፣ ብዙ ድስት የሚይዝ፣ ጢስ ማውጫ ያለው ወፍራም መደብ ነበር። ማገዶን በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ዝናው ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተሻገረ። በ1980ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት መጀመሪያ ላይ በሚዛንና በቴርሞሜትር ሲፈተሽ ግን ብዙውን ጊዜ ከክፍት እሳት የማይሻል፣ አንዳንዴም የሚብስ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ክብደትና ሙቀት አጋጅነት አንድ መስለው መወሰዳቸው ነው። ወፍራም ጭቃ ሙቀትን አያግድም፤ ይጠጣል። ድስቱ ሳይሞቅ አስቀድሞ መቶ ኪሎ ጭቃ ይሞቃል፤ ምግቡ ከበሰለ በኋላም ያ ሙቀት ለማንም ሳይጠቅም በሌሊቱ ይበርዳል። ሙቀት የሚያግደው በውስጡ ብዙ የአየር ቀዳዳ ያለው ቀላል ነገር ነው። ጋቢ የሚያሞቀው ስለሚከብድ ሳይሆን በድርና በማጉ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ለምጣድ የታሰበው ምድጃ ከዚህ ስሕተት የተማረ ይመስላል። በ1980ዎቹ በአገራችን አቆጣጠር በመንግሥት የኢነርጂ ጥናት ክፍል የተነደፈውና «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ ወይም ከቀይ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀላቅሎ በቅርጽ ማውጫ የሚመረት ነው። ሁለቱም ድንጋዮች ቀዳዳ የበዛባቸው፣ ቀላልና በስምጥ ሸለቆው አካባቢ በብዛት የሚገኙ ናቸው። አራት ክፍሎች ተጋጥመው ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ። ሁለት ክፍሎች ደግሞ ከበስተኋላ ተጋጥመው ትኩሱ ጋዝ የሚወጣበትን፣ ድስት የሚጣድበትን መቀመጫ ይሠራሉ። የማገዶ ቁጠባው ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይደርሳል። ለሴቲቱ ሁለት ሸክም የነበረው አንድ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዘመን የወጣው «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። «ላቀች» የኬንያውን የሸክላ ጅኮ አብነት የተከተለ ሲሆን ጅኮውም በበኩሉ ከታይላንድ የባልዲ ምድጃ የተወረሰ ነው። ስለ ከሰል ግን አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በአፈር ክምር ውስጥ ከሰል ሲከሰል አንድ ኪሎ ለማግኘት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ እንጨት ይጠፋል። የከሰል ምድጃ የሚቆጥበው ሩብ ተባራሪ፣ አክሳዩ በጫካ ካባከነው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

«ምርጥ» ምድጃ ተገኝቷል፤ ነገሩ አበቃ የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ግድግዳውን አይቶ ምጣዱን የረሳ ነው። የዚህ ንግግር ዋና ሐሳብም እዚህ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ሊገኝ የሚችለው ቁጠባ በአብዛኛው ተገኝቷል፣ ቀጣዩ ቁጠባ ያለው ማንም ብዙ ባልነካው በሸክላው ላይ ነው።

ምጣድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተጠበሰ ሸክላ ነው። ሸክላ ደግሞ ሙቀትን በደካማ ሁኔታ የሚያስተላልፍ ነገር ነው። ስፋቱ 58 ሴንቲ ሜትር በሆነ ምጣድ ላይ አንድ እንጀራ በሁለት ደቂቃ ተኩል ቢበስል፣ ቀደም ሲል የተሰላው 350 ኪሎ ጁል በዚህ ጊዜ ውስጥ በሸክላው ማለፍ አለበት። ይህም 2.3 ኪሎ ዋት ያህል ነው። የሸክላው ሙቀት አስተላላፊነት በሜትር በዲግሪ 0.6 ዋት ነው ቢባል፣ ይህን ያህል ሙቀት ለማሳለፍ በምጣዱ ሆድና በምጣዱ ፊት መካከል ወደ 300 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያስፈልጋል። ፊቱ ሊጥ ፈስሶበት ወደ 100 ዲግሪ ቢወርድ ሆዱ 400 ዲግሪ መሆን አለበት ማለት ነው።

የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። ሆዱ 400 ዲግሪ የሆነ ምጣድ ከሥሩ የሚያልፈውን ጋዝ ከ400 ዲግሪ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ጋዙ በ800 ዲግሪ ቢደርስ፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ሙቀት አጋጅ ቢሆን፣ ከሙቀቱ ግማሽ ያህሉ በመውጫው በኩል ይሄዳል። የ«ምርጥ» ነዳፊዎች ከበስተኋላ የድስት መቀመጫ ማድረጋቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ብልህነት ነው፤ ምጣዱ ሊወስደው ያልቻለውን ሙቀት ድስቱ ይወስዳል። ነገር ግን የሸክላው ውፍረት ወደ 1.2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል የሙቀት ልዩነቱ ከ300 ወደ 180 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ ምጣዱም ከዚያው ጋዝ ተጨማሪ ሙቀት ለመውሰድ ይችላል።

ሁለተኛውም ብክነት ከውፍረቱ የሚመነጭ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ምጣድ አሥር ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ በአማካይ 250 ዲግሪ ጭማሪ እስኪያገኝ የሚጠጣው ሙቀት 2.25 ሜጋ ጁል ይሆናል፤ ይህም የስድስት እንጀራ ሙቀት ነው። የመጀመሪያው እንጀራ ሳይሰፋ ስድስት እንጀራ በሸክላው ተበልቷል። ሠላሳ ለሚጋግር ቤት ይህ ሊቻል ይችላል። አምስት እንጀራ ብቻ ለሚጋግር ትንሽ ቤተ ሰብ ግን ምጣዱ ከቤተ ሰቡ ሁሉ የባሰ በላተኛ ነው። እናቶች ለሦስት ቀን የሚሆነውን በአንድ ቀን መጋገራቸው፣ ጎረቤትም በአንድ ምጣድ ላይ ተራ ይዞ መጋገሩ የማሞቂያውን ወጪ የሚያካፍል አሠራር ነው። ማንም ቴርሞዳይናሚክስ ያላስተማራቸው ሰዎች የደረሱበት በመሆኑ ባለሙያው ሊያከብረው ይገባል።

ታዲያ ምጣዱን ለምን አያሳሱትም? የመጀመሪያው ምክንያት መሰበር ነው። ምጣድ የሚሠሩት ሴቶች ውፍረቱን ያለ ምክንያት አላመጡትም። ስስ ሸክላ ሲጠበስ ይጣመማል፣ ሲጓጓዝ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ነበልባል ከላዩ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲያገኘው ይፈነዳል። ሁለተኛው ምክንያት የእንጀራው ዓይን ነው። ሊጡ ሲፈስ ምጣዱ ያጠራቀመውን ሙቀት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝና እንፋሎት ፈጥኖ ሽቅብ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀት ማጠራቀም የማይችል ምጣድ ሊጡ እንደነካው ይበርዳል፤ እንጀራውም ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይን የሌለው እንጀራ ማገዶ ቢቆጥብም በመሶብ አይቀርብም። ስለሆነም የሚፈለገው ወፍራምም ቀጭንም ያልሆነ ልክ ነው፤ ልኩ ደግሞ በወረቀት ሳይሆን በምጣዱ ላይ ተፈትኖ የሚገኝ ነው። ሸክላውን ከጀርባው በጎድን መልክ በወጡ ዘንጎች ማጠንከር፣ በጭቃው ውስጥ የሚጨመረውን አሸዋና የተፈጨ ገል መመጠን፣ የአጠባበሱን ሙቀት ከፍ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ በሸክላ ሥራ የታወቁ መንገዶች ናቸው።

ምጣዱ የሚሻሻለው ለእንጨት ተጠቃሚው ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ምጣድም ጠመዝማዛ ሽቦው በሸክላው ሆድ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ከመቀመጡ በስተቀር ያው ሸክላ ነው። ወደ 3,500 ዋት የሚስበው ይህ ዕቃ በበዓል ዋዜማ በየቤቱ በአንድ ሰዓት ሲበራ የአካባቢውን ትራንስፎርመር ምን እንደሚያደርገው የኤሌክትሪክ ክፍል ባልደረቦች ያውቁታል። ስድስት እንጀራ የሚበላው ሸክላ በእንጨትም በመብራትም ያው ስድስት ይበላል። «ኤሌክትሪክ ሲዳረስ የምድጃ ጉዳይ ያከትማል» የሚለው ክርክር ስለዚህ ምጣዱን ከሥራ ውጭ አያደርገውም።

የምድጃን ውጤታማነት ስለመለካትም አንድ ነገር መባል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም አቀፍ ደረጃ ሦስት ዓይነት ፍተሻዎች ተደንግገው ወጥተዋል። የመጀመሪያው ውሃ አፍልቶ መለካት ነው። ሁለተኛው አንድን የታወቀ ምግብ አብስሎ የፈጀውን ማገዶ መመዘን ነው። ሦስተኛው በቤተ ሰቡ ማድ ቤት ለተከታታይ ቀናት የሚነደውን መመዝገብ ነው። ላቦራቶሪዎች የሚወዱት የመጀመሪያውን ነው፤ ቀላል ነው፣ ቁጥሩም ከአገር አገር ይነጻጸራል። በምጣድ ላይ ግን ውሃ አይፈላም። ውሃ አፍልተው «ይህ ምድጃ ሠላሳ ከመቶ ውጤታማ ነው» የሚሉ ወረቀቶች ለእንጀራ ምድጃ ምንም አይናገሩም። ለምጣድ የሚስማማው መለኪያ አንድ ኪሎ እንጀራ ለመጋገር ስንት ኪሎ እንጨት ነደደ የሚለው ነው። ይህም ቢሆን በጋጋሪዋ እጅ ይለያያል። እሳቱን ከሥሩ በእኩል የምትበትን፣ አክንባሎውን በጊዜው የምትከድንና የምታነሣ፣ ምጣዱ መጋሉን ጥቂት ሊጥ ጠብ አድርጋ የምታውቅ ሴት በክፍት እሳት ላይ ያላት ውጤት፣ ልምድ የሌላት ሌላዋ በተሻሻለው ምድጃ ላይ ከምታገኘው ሊበልጥ ይችላል። ፍተሻው ያው ጋጋሪ በሁለቱም ምድጃዎች ላይ እየተቀያየረች ካልጋገረች የሚለካው ምድጃውን ሳይሆን ሴቲቱን ነው።

ምድጃ ተነድፎ፣ ተፈትሾም ሕዝብ ዘንድ ላይደርስ ይችላል። በዚህ ረገድ የቻይናና የሕንድ ታሪክ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ብዙ ያስተምራል። ሁለቱም አገሮች በ1980ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ብሔራዊ የምድጃ ዘመቻ ጀመሩ። ቻይና በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆኑ የገጠር ቤተ ሰቦች ምድጃ አዳረሰች። የምድጃውን ዋጋ አብዛኛውን የከፈለው ባለቤቱ ሲሆን መንግሥት ገንዘቡን ያዋለው ለሥልጠና፣ ለፍተሻና ለቁጥጥር ነበር፤ ሥራውም የተጀመረው እንጨት ባጠረባቸውና ሥራውን ለማካሄድ በሚችሉ ወረዳዎች ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2002 ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ ምድጃዎች ስታከፋፍል መንግሥት ቢያንስ የዋጋውን እኩሌታ ይደጉም ነበር። የተቆጠረው የተሰጠው ምድጃ እንጂ የሚነደው ምድጃ አልነበረምና ብዙዎቹ ተሰንጥቀው ወይም ተትተው ቀሩ። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የአየር ንብረት ለውጥን የማይበግር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ሲወጣ የተሻሻለ ምድጃን ማዳረስ በቅድሚያ ከሚፈጸሙት አራት ሥራዎች አንዱ ተደርጎ ተመድቧል። የዘመቻ ሪፖርት በሚሊዮን ሲጽፍ፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚጤስ የሚቆጥር ሰው መመደቡን መጠየቅ የባለሙያው ፋንታ ነው።

ስለ ጤና የሚባለው አጭር ነው። በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ሁሉ ጢስ ይቀንሳል ማለት አይደለም፤ ግድግዳው ጠቦ አየር ያነሰው ምድጃ ማገዶም እየቆጠበ ሊጤስ ይችላል። በጓቴማላ ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሰጣቸው ቤተ ሰቦች ሕፃናት የሚደርስባቸው ጢስ በግማሽ ቢቀንስም፣ በሐኪም የተረጋገጠው የሳንባ ምች በአጠቃላይ ሲታይ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዳልቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት አሳይቷል። ግማሽ ጢስም ለሕፃን ሳንባ ብዙ ነው። ስለዚህ ቁጠባውና ጢሱ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች መሆናቸው በንድፉ ጊዜ መታወቅ አለበት። በደጋ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በቆላ በሚገባ የሳበ የጢስ ማውጫ በደጋ ሰነፍ ይሆናል። ከሌላ አገር የመጣ ንድፍ ቁመቱና የአየር መግቢያው ሳይታረም ቢተከል ጥፋቱ የምድጃው አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ትንሽ የምትመስል አንዲት ጉድለት ትገኛለች። በምድጃው አፍና በምጣዱ ከንፈር መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ምድጃው በቅርጽ ማውጫ ስለሚመረት ልኩ አንድ ነው፤ ምጣዱ ግን በእጅ ስለሚሠራ ከመንደር መንደር ይለያያል። የጠበበው ምጣድ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ የሰፋው በከንፈሩ ሥር ነበልባል ያሳልፋል። ጋጋሪዋ ክፍተቱን በጭቃና በአመድ እየለሰነች ነዳፊውና ሸክላ ሠሪዋ ሳይነጋገሩ የተዉትን ሥራ ትጨርሳለች። አንድ የምጣድ ስፋት ደረጃ ቢወሰንና ሸክላ ሠሪዎቹ በዚያ ልክ የተቆረጠ የእንጨት ቀለበት ቢታደላቸው፣ ምንም አዲስ ምድጃ ሳይፈለሰፍ፣ ይህ ክፍተት ይደፈን ነበር።

ለማኅበሩ የምርምር ክፍል የቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። በአንድ የሸክላ ሠሪዎች መንደር ከሴቶቹ ጋር ተስማምቶ፣ ዋጋቸውንና የሚሰበርባቸውን ከፍሎ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ውፍረት ምጣዶች ማሠራት፣ እያንዳንዱን በ«ምርጥ» ምድጃ ላይ ማሟሸት፣ ከአንድ ከረጢት በተዘገነ የጤፍ ዱቄት በተቦካ ሊጥ በሁለት ልምድ ባላቸው ጋጋሪዎች ተራ በተራ ማስጋገር፣ የነደደውን እንጨትና የወጣውን እንጀራ መመዘን፣ ምጣዱ በስንተኛው ቀን እንደተሰነጠቀም መመዝገብ። የሚያስፈልገው መሣሪያ ሚዛን፣ ሰዓት፣ የእንጨቱን እርጥበት ለማወቅም አነስተኛ ማድረቂያ ነው። እንጀራው ዓይን አውጥቷል ወይስ አላወጣም የሚለውን የሚፈርዱት ጋጋሪዎቹ እንጂ መሐንዲሶቹ አይሆኑም።